ሽንት ድንገት ሲቀላ ወይም ሲጠቁር፦ የቱ ያስደነግጣል፣ የቱ አያስደነግጥም?

ባለፈው ዓመት አንዲት ጎረቤታችን የቲቢ መድኃኒት ጀመረች። በማግስቱ ሽንቷ ብርቱካናማ ሆነ። ማታ ላይ ደግሞ ወደ ቀይ አደላ። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። «መድኃኒቱ ኩላሊቴን እየበላው ነው» ብላ ደመደመችና ኪኒኑን አቆመች። ነገሩ የወጣው ከአራት ቀን በኋላ ቡና ላይ ነው። ደግነቱ ከመካከላችን አንዷ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። «ይሄ እኮ የመድኃኒቱ ቀለም ነው! ላብሽም እንባሽም እንዲህ ሊሆን ይችላል» አለቻት። በነጋታው ጤና ጣቢያ ሄዳ መድኃኒቷን ቀጠለች።

በዚያው ሰሞን አንድ የቅርብ ዘመዴ የራሱን ነገረኝ። ዕድሜው 58 ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሽንቱ ደም መስሎ ወጣ። ምንም አላመመውም። በሦስተኛው ቀን ጠራ። «አለፈልኝ» ብሎ ተወው። እኔ ስሰማ ሰባት ወር አልፎት ነበር።

እሷ የደነገጠችው በማያስደነግጠው ነው። እሱ ደግሞ ዝም ያለው ዝም በማይባልበት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ መገላበጥ ነው። ስለ ሽንት ቀለም የሚወራው ብዙ ነው። በየስልካችን «ይህ ቀለም ከሆነ ይህ በሽታ አለብህ» የሚሉ ሥዕሎች ይዞራሉ። ቀለሙ ግን ብቻውን ብዙ አይናገርም። አንድ ዓይነት ቀይ ከምሳ ሰላጣም ይመጣል፣ ከካንሰርም ይመጣል። የሚለያቸው ሌላ ነው። ከምን በኋላ መጣ? ውሃ ሲጠጣ ለቀቀ ወይ? አብሮት ምን አለ?

ቢጫው ከየት ይመጣል?

መነሻው ደማችን ነው። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ይኖራል። ሲያረጅ ይፈርሳል። ውስጡ ያለው ሄሞግሎቢን ተበታትኖ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣዋል። ጉበት ይህን ተቀብሎ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይልከዋል። አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ደግሞ ይቀይሩታል። ከዚያ ጥቂቱ ተመልሶ ወደ ደም ይገባና በኩላሊት በኩል ይወጣል። በመጨረሻ ዩሮቢሊን ይሆናል። ሽንትን ቢጫ የሚያደርገው እሱ ነው።

ይህን ለውጥ የሚሠራው የባክቴሪያ ኢንዛይም ተለይቶ የታወቀው ገና በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። የአሜሪካው ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር አገኙት። የሰው ልጅ በየቀኑ የሚያየው ቀለም ነው፤ ምስጢሩ ግን እስከዚያ ድረስ ቆይቷል።

መንገዱን ልብ በሉት። ደም፣ ጉበት፣ ሐሞት፣ አንጀት፣ ኩላሊት። ከነዚህ አንዱ ሲታወክ ቀለሙ ይለወጣል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ውሃ አለ።

ኩላሊቶቻችን በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ። በሽንት የሚወጣው ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ነው። የቀረው ወደ ደም ይመለሳል። ሰውነት ውሃ ሲጠማው አንጎል በሆርሞን አማካኝነት ለኩላሊት ያስታውቃል፤ ኩላሊትም የበለጠ ውሃ ያስቀራል። ቀለሙ ያው ነው፣ የሚያንሰው ውሃው ነው። ሻይ ቅጠሉን ሳይቀንሱ ውሃውን እንደማሳነስ ማለት ነው። ጠዋት የሚወጣው ሽንት ጠቆር የሚለውም ሌሊቱን ሙሉ ሳንጠጣ ስለምናድር ነው። በጾም ወቅት፣ በረመዳን፣ በተቅማጥና በትውከት ጊዜ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ስንውልም እንዲሁ ነው።

ይህን መለየት ቀላል ነው። ሁለት ሦስት ብርጭቆ ውሃ ጠጡ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሽንቱ ከነጣ መልሱ ተገኝቷል። ልብ ወይም ኩላሊት ታሞ ሐኪም ፈሳሽ የወሰነለት ሰው ግን ይህን በራሱ አይሞክር።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ ላንሳ። እኛ ዘንድ ወገቡን ያመመው ሁሉ «ኩላሊቴን» ነው የሚለው። ሽንቱ ጠቆር ካለ ደግሞ ጥርጣሬው ያበቃል፣ ኩላሊት ነው ይባላል። አብዛኛው የወገብ ሕመም የጡንቻና የአከርካሪ ነው። የኩላሊት ድካም ደግሞ ለረጅም ጊዜ ምንም ሳያሳምም ይሄዳል። ፕሮቲን በሽንት የሚያፈስ ኩላሊት ቀለም ሳይቀይር አረፋ ብቻ ሊያሳይ ይችላል። ሽንታችሁ ቀለሙ ደህና ሆኖ ለቀናት ቶሎ የማይጠፋ አረፋ ከያዘ፣ ፊት ወይም እግር ካበጠ፣ ይህ ከወገብ ሕመም ይልቅ ስለ ኩላሊት ይናገራል።

ውሃ የማያነጣው ጥቁረት

ውሃ ማጣት ቢጫውን ያደምቀዋል እንጂ ሽንትን ኮካ አያስመስለውም። ኮካ ወይም ጥቁር ሻይ ከመሰለ ሌላ ነገር አለ።

አንዱ የጡንቻ መፍረስ ነው። ጡንቻ ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ወይም ሲደቆስ ሕዋሶቹ ይፈርሳሉ። ውስጣቸው ያለው ማዮግሎቢን ወደ ደም ይፈስሳል። ኩላሊት ሊያስወጣው ሲሞክር ራሱ ይታነቃል። በቀናት ውስጥ ኩላሊት ሥራ ሊያቆም ይችላል። ጂም በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ከልክ በላይ የሠራ ወጣት ላይ ይታያል። ተደብድቦ ወይም ፍርስራሽ ተጭኖት የወጣ ሰው ላይ ይታያል። ረጅም የሚጥል በሽታ ያንገላታው ሰው ላይም ይታያል።

እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ዓረብ ሀገር ያሉ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ናቸው። ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ውጭ የሚሠሩ አሉ። በጅቡቲ በረሃ በእግር አቋርጠው ወደ የመን የሚሻገሩ አሉ። ሙቀት፣ ድካምና የውሃ ማጣት አንድ ላይ ሲመጡ ጡንቻ ይፈርሳል። ኳታር በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከጠዋቱ 4፡00 እስከ ቀኑ 9፡30 በኛ አቆጣጠር ደጅ ላይ መሥራትን ከልክላለች። ደንቡ የወጣው ሙቀት ሰው ስለሚገድል ነው። እዚያ ያለ ዘመድ ካላችሁ ይህን ንገሩት፦ ጡንቻው ክፉኛ እያመመው፣ እየደከመው፣ ሽንቱ ኮካ ከመሰለ ውሃ ጠጥቶ ይተኛ አይባልም። በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። ሕክምናው በዋናነት በደም ሥር የሚሰጥ ብዙ ፈሳሽ ነው። ቶሎ ከተጀመረ ኩላሊት ይተርፋል።

ሌላው የጥቁረት ምክንያት ደም ሥር ውስጥ የሚፈርስ ደም ነው። ይህ ለእኛ ከወባ ጋር ይያያዛል። ወባ በ2024 እ.ኤ.አ. ክፉኛ አገርሽቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው፣ ከዚያ ዓመት ጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል፤ 1,157 ሰዎችም ሞተዋል። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ሲከፋ ቀይ የደም ሕዋሳት በጅምላ ይፈርሳሉ። ሄሞግሎቢኑ በሽንት ይወጣል። ሽንቱ ጥቁር ስለሚመስል ሐኪሞች «የጥቁር ውሃ ትኩሳት» ይሉታል። ትኩሳት ያለበት ሰው ሽንቱ ከጠቆረ ሌሊትም ቢሆን አይጠበቅም።

ፕሪማኩዊን የሚባለው የወባ መድኃኒትም መነሳት አለበት። ቫይቫክስ የተባለው ወባ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ያገረሻል። ፕሪማኩዊን የሚሰጠው ያንን ለማጥፋት ነው፤ ለ14 ቀን ይወሰዳል። ነገር ግን ጂሲክስፒዲ የሚባል ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎች አሉ። ወንዶች ከእናታቸው ይወርሱታል፤ እነሱ ላይም ይበረታል። እነዚህ ሰዎች መድኃኒቱን ሲወስዱ ደማቸው ሊፈርስ ይችላል። ምልክቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጣ ጥቁር ሽንት፣ ድካም፣ መገርጣትና የዓይን ቢጫ መሆን ነው። ይህ ከታየ መድኃኒቱ ይቆምና ወዲያው ሐኪም ጋ ይኬዳል። እነዚሁ ሰዎች ባቄላ፣ በተለይ እሸቱ፣ እንዲሁ ሊያደርጋቸው ይችላል። ልጃችሁ እሸት ባቄላ በልቶ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ከገረጣና ሽንቱ ከጠቆረ፣ ባቄላ መብላቱን ለሐኪሙ ንገሩ። ካልነገራችሁት ሐኪሙ ላያስበው ይችላል።

ከሳህኑና ከኪኒኑ የሚመጣ ቀለም

ቀይ ሥር የበላ ሰው ሽንቱ ሐምራዊ ወይም ቀይ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ሰው ላይ አይደለም፤ ከአሥር ሰው አንድ ያህሉ ላይ ነው። ብረት ያነሰበት ሰው ላይ ግን ይበዛል። አስቡት እንግዲህ። «ደም አንሶሻል» የተባለች ሴት ቀይ ሥር እየጨመቀች ትጠጣለች። በብረት እጥረት ምክንያት ቀለሙ ሽንቷ ላይ ይወጣል። «ደሜ እየፈሰሰ ነው» ብላ ይብስ ትጨነቃለች። ቀይ ሥሩን ለሁለት ቀን ትቶ ማየት ነው። ከጠራ ጠራ። ካልጠራ ምርመራ ያስፈልጋል።

ቢ ኮምፕሌክስ የሚወስድ ሰው ሽንቱ የሚያበራ ቢጫ ይሆናል። ሪቦፍላቪን የተባለው ቫይታሚን ነው፤ ምንም ጉዳት የለውም። ለአሜባና ለጃርዲያ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል ሽንትን ቀላ ያለ ቡናማ ሊያደርግ ይችላል። ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚሰጠው ናይትሮፉራንቶይንም እንዲሁ። አረንጓዴና ሰማያዊ ሽንት ከስንት አንድ ነው የሚያጋጥመው። አብዛኛውን ጊዜ ከመድኃኒት ወይም ከምግብ ቀለም ነው፤ አልፎ አልፎ ከባክቴሪያ።

ወደ ጎረቤታችን ልመለስ። ኢትዮጵያ ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 የዓለም ሀገሮች አንዷ ናት። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ነው። መጀመሪያ ለሁለት ወር አራት መድኃኒቶች በአንድ ላይ ይወሰዳሉ፣ ከዚያ ለአራት ወር ሁለት። በስድስቱም ወር ከማይቀሩት አንዱ ሪፋምፒሲን ነው። ራሱ ቀይ ብርቱካናማ ነው፤ ሲወጣም ቀለሙን ይዞ ይወጣል። ሽንት፣ ላብ፣ ምራቅ፣ እንባ ያቀልማል። በመነጽር ፋንታ ዓይን ላይ የሚደረገውን ሌንስ (ኮንታክት ሌንስ) እስከ መጨረሻው ሊያበላሽ ይችላል። ቀለሙ ሰውነትን ግን አይጎዳም። ይህን መድኃኒቱን የሚሰጥ ባለሙያ በመጀመሪያው ቀን ሊናገር ይገባል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ያ ዓረፍተ ነገር ሳይባል ሲቀር ሰው ፈርቶ ያቆማል። ያቋረጠ ሰው ደግሞ መድኃኒት የማይመክተው ቲቢ ሊያመጣ ይችላል።

ነገር ግን «ቀለሙ የመድኃኒቱ ነው» የሚለው መልስ ራሱ ወጥመድ አለው። ከአራቱ መድኃኒቶች ሦስቱ ጉበትን ሊጎዱ ይችላሉ። ጉበት ሲጎዳም ሽንት ይለወጣል። ታዲያ እንዴት ይለያል? የሪፋምፒሲን ቀለም ብርቱካናማ ቀይ ነው። የሚመጣው ከመጀመሪያው መጠን ጀምሮ ነው። ሰውዬው ይበላል፣ ይሠራል፣ ደህና ነው። የጉበቱ ግን እንደ ጥቁር ሻይ ነው። የሚመጣው ሳምንታት ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ምግብ ያስጠላል፣ ያስመልሳል፣ ከቀኝ ጎድን በታች ያማል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል። ይህኛው ሲመጣ ዕለቱኑ ወደ ተቋሙ መሄድ ግድ ነው። የትኛው መድኃኒት እንደሚቆምና እንደገና እንዴት እንደሚጀመር የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

«የወፍ በሽታ» እና ሽንት

የዓይን ቢጫ መሆንን ሕዝባችን «የወፍ በሽታ» ይለዋል። ብዙ ሰው ለዚህ በሽታ ሐኪም ጋ አይሄድም። «ይህ የሐኪም አይደለም» ይባላል። ቅጠል ተጨምቆ ይጠጣል፣ ወይም በአፍንጫ ይሳባል። የባህል ሕክምናን ሁሉ የምንቅ ሰው አይደለሁም። እዚህ ላይ ግን አቋሜ ግልጽ ነው። የታመመ ጉበት ምንነቱና መጠኑ ያልታወቀ ቅጠል ሲጨመርበት ሊሞት ይችላል። ብዙዎች «ዳንኩ» የሚሉትም አንዳንዱ የጉበት ብግነት፣ ለምሳሌ ሄፓታይተስ ኤ፣ በራሱ ስለሚድን ነው። ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ግን ዓይን ከነጣ በኋላም ውስጥ ሊቆዩና ጉበትን ለዓመታት ሊበሉ ይችላሉ። ምርመራ ሳይኖር ማን የቱን እንደያዘው አይታወቅም።

ጠቃሚው ነገር ይህ ነው፦ ሽንት ከዓይን ይቀድማል። ጉበት ሲታመም ቢሊሩቢን በደም ውስጥ ይጠራቀምና በሽንት ይወጣል። ሽንቱ ሻይ የሚመስለው ዓይኑ ቢጫ ከመሆኑ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ቀድሞ ሊሆን ይችላል። አረፋው ራሱ ቢጫ ይሆናል። ሰገራ ደግሞ በተቃራኒው ይነጣል፤ ጭቃ ወይም አመድ ይመስላል። ምክንያቱም ሰገራን የሚያቀልመው ሐሞት ወደ አንጀት መድረስ አልቻለም። ሽንት ጠቁሮ ሰገራ ከነጣ የሐሞት መንገድ ተዘግቷል ወይም ጉበት ክፉኛ ታውኳል ማለት ነው። ጠጠር ሊሆን ይችላል፣ ዕጢ ሊሆን ይችላል። ቆዳ የሚያሳክክም ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ነፍሰ ጡር እናት ላይ ጉዳዩ ይከብዳል። ሄፓታይተስ ኢ በተበከለ ውሃ የሚተላለፍ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በጋምቤላ የስደተኞች ካምፖች ተቀስቅሶ ነበር። ለሌላው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ላይ ያለች ሴትን ግን ከአራት ወይም ከአምስት አንዷን ሊገድል ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት ሽንቷ ሻይ ከመሰለና ምግብ ካስጠላት «እርግዝናው ነው» አይባልም።

ስለ አራስ ልጅም ልናገር፤ እዚህ ጋ ጊዜ ሕይወት ነው። አራስ ልጅ ቢጫ ሲሆን ፀሐይ ይሞቃል። ብዙው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጠራለታል። ነገር ግን የአራስ ሽንት እንደ ውሃ የነጣ መሆን አለበት። ጨርቁን ወይም ዳይፐሩን ቢጫ የሚያደርግ ከሆነ፣ ሰገራው ከነጣ፣ ቢጫውም ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ፀሐይ አይፈታውም። የሐሞት ቱቦው ሳይከፈት የተወለደ ልጅ ሊሆን ይችላል። ይህ በቀዶ ሕክምና ይረዳል፤ ቀዶ ሕክምናው የሚጠቅመው ግን በተቻለ መጠን 60 ቀን ሳይሞላው ሲሠራ ነው። በተረፈ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ዳይፐር ላይ የጡብ ዱቄት የመሰለ ሮዝ ነገር ብታዩ አትደንግጡ። ደም አይደለም፣ የዩሪክ አሲድ ጨው ነው። ጡት በደንብ ሲጠባ ይጠፋል። ከዚያ በኋላም ከቀጠለ ልጁ በቂ ወተት እያገኘ ላይሆን ይችላልና ይታይ።

እውነተኛ ደም ሲሆን

በአንድ ሊትር ሽንት ውስጥ አንድ ሚሊ ሊትር ደም ቢገባ እንኳን ቀለሙ ይታያል። ስለዚህ የቀላው ሽንት ብዙ ደም ፈሰሰ ማለት አይደለም። ትንሽ ነው ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም።

ሕመም አብሮት ካለ ፍለጋው ይቀላል። ከጎን ተነስቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድ፣ ሰውን መቀመጥም መተኛትም የሚከለክል ሕመም ከሆነ ጠጠር ይጠረጠራል። ሲሸኑ የሚያቃጥል፣ ቶሎ ቶሎ የሚያስኬድ ከሆነ ኢንፌክሽን ነው። ሴቶች ላይ የሚበዛው የሽንት ቱቧቸው አጭር ስለሆነ ነው፤ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እኛ ዘንድ «ብርድ መታኝ» ይባልና ይታለፋል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረበት ግን ወደ ኩላሊት ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

ልጆች ላይ አንድ የታወቀ መንገድ አለ። ልጁን ቶንሲል ያመዋል። ይድናል። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሽንቱ ኮካ ወይም የሥጋ እጣቢ ይመስላል። ጠዋት ሲነሳ ዓይኑ ዙሪያ ያብጣል። ሽንቱም ያንሳል። ጀርሙን ለመከላከል የተነሳው የሰውነት ኃይል ኩላሊቱን አቁስሎታል። ከቆዳ ቁስል በኋላም ይመጣል፤ የዚያኛው እስከ ስድስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ወላጅ ቶንሲሉን ረስቶታል፤ ሁለቱን አያገናኛቸውም። አብዛኞቹ ልጆች ይድናሉ። የደም ግፊቱ ግን በጣም ሊወጣ ስለሚችል ክትትል ያስፈልጋቸዋል።

ከቆላ ወንዞች አጠገብ ላደገ ደግሞ ቢልሃርዚያ አለ። ጣናና የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢ የሚታወቀው ቢልሃርዚያ አንጀትን የሚይዘው ነው። ሽንትን የሚያቀላው ሌላኛው ዓይነት ነው፤ በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ፣ በዋቢ ሸበሌ ሸለቆ፣ በሱዳን ድንበር ደግሞ ኩርሙክ አካባቢ ይገኛል። ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ በ1851 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ ያገኘው ትል ነው። ደሙ በተለይ በሽንቱ መጨረሻ ላይ ይታያል። ፕራዚኳንቴል የተባለ መድኃኒት ይገድለዋል። ካልታከመ ግን ለዓመታት ፊኛን እያቆሰለ ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል።

የማያም ደም ከሁሉም በላይ ያስፈራኛል። ዕድሜው ከ40 ያለፈ ሰው፣ በተለይ ሲጋራ ያጨሰ፣ ሕመም የሌለው ቀይ ሽንት ካየ የፊኛ ካንሰር እስካልተወገደ ድረስ እረፍት የለም። ይህ ካንሰር ሲጀምር ይደማል፣ ያቆማል። ሳምንታት፣ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። እንደገና ይደማል። ሰው ደሙ ሲቆም የዳነ ይመስለዋል። ዕጢው ግን እያደገ ነው። «ፕሮስቴት ነው፣ ለዕድሜህ ያለ ነው» ብሎ ያለ ምርመራ መገመትም ትክክል አይደለም።

ላብራቶሪ ስትሄዱ

የመጀመሪያው ምርመራ ርካሽ ነው፤ በየጤና ጣቢያው ይሠራል። ወረቀት የመሰለች ስትሪፕ ሽንት ውስጥ ትነከራለች። ከዚያ ሽንቱ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የሁለቱ ውጤት አንድ ላይ ሲነበብ ብዙ ነገር ይናገራል። ቀይ ሥር ከሆነ ስትሪፑ ደም የለም ይላል። ስትሪፑ ደም አለ ካለና በማይክሮስኮፕም ቀይ የደም ሕዋሳት ከታዩ ደም ከኩላሊት እስከ ቱቦው ድረስ ካለው ቦታ እየፈሰሰ ነው። ስትሪፑ ደም አለ ብሎ በማይክሮስኮፕ ሕዋስ ከሌለ ደግሞ የፈረሰ ደም ወይም የፈረሰ ጡንቻ ነው። ስለዚህ «ደም አለ» የሚል ወረቀት ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ፤ ሕዋስ ታየ ወይስ አልታየም ብላችሁ ጠይቁ።

ሽንቱን ስትሰጡ የመጀመሪያውን ጥቂት አፍስሱና መካከለኛውን ያዙ። ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ሽንት ይለወጣል፤ ከቤት በጠርሙስ ይዞ መሄድ አይመከርም። ሴት የወር አበባ ላይ ከሆነች ትናገር። ቀለሙ መጥቶ የሚጠፋ ከሆነ በነጭ ዕቃ አድርጋችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት። ደሙ በመጀመሪያ ነው፣ በመጨረሻ ነው፣ ወይስ ሁሉም ቀይ ነው? የረጋ ደም አለው? ባለፉት ሁለት ቀናት ምን በላችሁ፣ ምን ዋጣችሁ? የባህል መድኃኒትም ቢሆን አትደብቁ። የረጋ ደም ሽንት የዘጋበት፣ ሽንት ጨርሶ ያቆመበት፣ ትኩሳትና መዘባረቅ ያለበት ሰው ግን ካርድ ይዞ ተራ አይጠብቅም፤ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚገባው።

ዘመዴን ይህን ሁሉ ነግሬ ነው የወሰድኩት። መጀመሪያ አልፈለገም። «አሁን እኮ ንጹሕ ነው» ይል ነበር። በስትሪፑ ላይ ትንሽ ደም ተገኘ፤ ዓይን የማያየው። ከዚያ አልትራሳውንድ፣ ከዚያ ፊኛው በካሜራ ታየ። ዕጢ ነበር። ወጣለት። ሐኪሙ ቶሎ መጣህ አላለውም፤ ቢሆንም ገና የፊኛውን ጡንቻ አልነካም ነበር። አሁን በየሦስት ወሩ ፊኛውን ይታያል። ሲጋራውንም ትቷል። ጎረቤታችን ደግሞ ስድስት ወሯን ጨርሳለች። የመጨረሻዋን ኪኒን ከዋጠች ከሁለት ቀን በኋላ ሽንቷ እንደ ድሮው ቢጫ ሆኖ ወጣ፤ ያን ቀን እሷ ናት እኛን ቡና የጠራችን።